ሞራ

ብሩክስ ገና አልነጋም። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ጨክኖ ያያል፤
ሸሚዜን አውልቄ ክንዴን ስዳብሰው ጣቴ አንድ፣ ሁለት ይላል።
ግራዬ ላይ አምስት፦ ሁለቱ ሽምብራ፣ ሦስቱ አደንጓሬ፤
ቀኜ ላይ አራት፤ ከጎድኔ በታች አንድ፣ ስም ያልወጣላት እስከ ዛሬ።
ስጫናት ትሸሻለች ከቆዳዬ ሥር፣ እንደ ሳሙና፤
ኪራይ እንደማይከፍል ዘመድ፣ አለች ዝም ብላ፣ በጤና።

ሥራዬ ስብ መግፈፍ ነው።
ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢላዬ ከሥጋው ላይ ጮማውን ይልጣል፤
አንዱን ሳልጨርሰው ሌላው የበሬ ጀርባ በቀበቶው ይመጣል።
ነጩ ወደ ግራ፣ ቀዩ ወደ ቀኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፣ አንድ ቀን ቢላው ሳያገኘኝ።
የሰው በሬ ገፍፌ ሳበቃ
የራሴን ጮማ ይዤ እገባለሁ ከቤቴ፣ ማንም ሳይነቃ።

ሜዲሲን ሃት ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ።
ልጅቷ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያዋን ስትገፋ፣
ስክሪኑ ላይ ጭጋግ መሳይ ነገር ሲጠብ፣ ሲሰፋ፣
የሰፈራችን ሞራ ገላጭ ትዝ አለኝ፣ የበጉን ሞራ ለብርሃን ዘርግቶ
«ዝናቡ ይዘገያል፤ እንግዳ ይመጣል» የሚለው፣ አይቶ።
እሷ ግን ምንም አላለች። «ሐኪምህ ይነግርሃል» ብላ ፎጣ ሰጠችኝ፤
አሥራ ሁለት ሌሊት ያቺ ዝምታ ከትርንጎና ከእኔ መሀል ገብታ አስጨነቀችኝ።

«ስብ ነው፤» አለ ዶክተር አዴባዮ ውጤቱን ገልጦ፤
«ክፉ አይደለም። ወደ ክፉም አይሄድም፤ ይኖራል እዚያው ተቀምጦ።»
«ላስወጣውስ?»
«ይቻላል፤ መንግሥት ግን አይከፍልም፣ ለመልክ ነው ስለሚለው፤
ለአንዱ አራት መቶ ሃምሳ፤ ጠባሳውን ግን በነፃ ነው የምትወስደው።»
በሩን ስከፍት፦ «ሌላም ሊበቅል ይችላል፣ ከዘር ከሆነ።»

ከዘር።
አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አሰበ ተፈሪ። ከጆሮው ሥር አንዲት ነበረችው።
ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል መቀሱን ከፍቶ ይቆምና
እንደ ታላቅ እኅት ያማክራታል፣ ያሻሻታል በጥሞና።
«ትቆረጥ» ያለው ጠፍቶ አይደለም፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነበር መልሱ፤
ስንገንዘው ጣቴ ነካት፦ ለስላሳ ነበረች እንደ ትናንቱ፣ ብቻዋን ስትቀር ከእሱ።

ትርንጎ «ገንዘቡ ለክረምት ጎማ» ትላለች። ልክ ናት፤ ጎማው ተልጧል።
ሮዴል፣ ከጎኔ የሚቆርጠው፣ «በምሳ ሰዓት እገፍልሃለሁ፣ በነፃ» እያለ ያላግጣል።

አምና ሐምሌ ግን፣ መዋኛው ዳር፣ ሙቀቱ ሲያፍን፣
ረጅም እጅጌ ለብሼ ተቀምጬ ሳለ ማዕዶት መጥታ «ለምን?»
እጅጌዬን ጠቀለለች። በረጠበ ጣቷ እየነካች ቆጠረች።
«አሥር» አልኳት። «አሥራ አንድ» አለች። ልክ ነበረች።
ከዚያ የራሷን ክንድ፣ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ፣ ቀስ ብላ ዳሰሰች፤
ምንም አላገኘችም።
ደስ ይበላት፣ ይክፋት፣ አላወቅሁም። ወደ ውሃው ተመለሰች።

አሥራ አንደኛዋ ከቀኝ ክርኔ ጀርባ ናት፣ እኔ የማላያት።
ቢላ ስጨብጥ ትንሿ ጣቴን የምታደነዝዛት
እሷ ኖራለች፤ እኔ ብርዱን ስረግም።
«ይህቺስ ሌላ ናት፤» አለ ዶክተሩ፤ «ለዚህች መንግሥት አይሳሳም።»
ለመልኬ የነፈገውን ለቢላዬ ሰጠኝ።

ስልኬ ላይ መልእክት አለ፦ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። ለመቅረት ሁለት፣ ለመምጣት አንድ።
አንድን ነካሁ። ለአንዲቷ ብቻ።
አሥሩ ይቀመጡ። ማዕዶት ቆጥራቸዋለች፤
ቢጎድሉ ትጠይቀኛለች።

ሲያወጣት ግን አሳየኝ እለዋለሁ።
በግራ እጄ ይዤ፣ ለብርሃኑ ዘርግቼ፣
የሚነበብ ካለ አነባለሁ።
ከሌለም፣
ነጩ ወደ ግራ።